ሮስተሩ በስልክ ከተሠራ ለምን እንደገና በእጅ ይጻፋል?

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲበተን መምህሩ ገና ከሥራው መሃል ነው። የፈተና ወረቀት ያርማል፤ ማርክ ሊስት ይሞላል፤ ስም ጠሪ ከሆነም ሮስተር ይሠራል። ሮስተር ማለት፣ በቅርብ ላላየው ሰው፣ የተማሪዎች ስም ወደ ታች፣ የትምህርት ዓይነቶች ወደ ጎን የተደረደሩበት ሰፊ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሦስት መስመር ይይዛል፤ አንዱ ለመጀመሪያው መንፈቅ፣ አንዱ ለሁለተኛው፣ ሦስተኛው ለአማካዩ። ስም ጠሪው የየትምህርቱን ውጤት ከባልደረቦቹ እየተከታተለ ይሰበስባል፤ ይደምራል፤ ያካፍላል፤ ደረጃ ያወጣል። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድለትም። መጨረሻ ላይ ያንኑ ቁጥር ወደየልጁ ካርድ ይገለብጠዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል 10 የትምህርት ዓይነት ቢማር፣ በአንድ መንፈቅ ሮስተሩ ላይ የሚሰፍረው ውጤት 600 ነው። 60 ድምር፣ 60 አማካይ፣ 60 ደረጃ ይከተላል። በጠቅላላው 780 ቁጥር ማለት ነው፤ ወደ ካርድ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ 780። ይኸው ስም ጠሪ የራሱን ትምህርት ለአምስት ክፍል የሚያስተምር ከሆነ በእጁ 300 ልጆች አሉ። ተከታታይ ምዘናው በስድስት ቢከፈል፣ ማለትም አጫጭር ፈተናዎች፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር፣ የመንፈቅ አጋማሽና የማጠቃለያ ፈተና ቢኖሩ፣ በመንፈቅ ዓመቱ 1,800 ውጤት መመዝገብ አለበት። ይህ ሁሉ የጽሕፈት ሥራ ነው። ማስተማሩ፣ መዘጋጀቱና ማረሙ ገና አልተቆጠሩም።

ተከታታይ ምዘና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣቸው ለውጦች አንዱ ነው። ሐሳቡ ያኔም ትክክል ነበር፤ ዛሬም ነው። ልጅ በአንድ ቀን ፈተና ብቻ ሊዳኝ አይገባም፤ የተቸገረበት ነገር ጊዜው ሳያልፍ ሊታወቅለት ይገባል። ነገር ግን አንድ ፈተና ስድስት ሲሆን የመመዝገቡ ድካምም ስድስት እጥፍ እንደሚሆን፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ ሲበዛ ደግሞ እጥፉ በእጥፍ እንደሚባዛ በቅጡ ታስቦበት ነበር ለማለት ይቸግራል። በዚህም የተነሳ በብዙ ቦታ ምዘናው ልጁን መከታተያ መሆኑ ቀርቶ ቦታ መሙያ ሆኗል። መምህሩ ቁጥሩን ጽፎ ለማድረስ ሲሯሯጥ ቁጥሩ የሚነግረውን ነገር ለማየት ፋታ አያገኝም።

ይህን ድካም አብዛኛውን ሊያነሱ የሚችሉ መሣሪያዎች ዛሬ በመምህሩ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ አሉ። ብዙዎቹ ነፃ ናቸው፤ ለመልመድም ቀላል ናቸው። ስለ እነርሱ መጻፍ የፈለግሁት ግን መተግበሪያ ለማስተዋወቅ አይደለም። አንድ መሣሪያ መምህሩን ረዳው የሚባለው ከጫንቃው ላይ ያወረደለት ሥራ ሲኖር ነው። በአሁኑ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ግን መሣሪያው ሲጨመር አሮጌው ሥራ ባለበት ሲቀጥል ነው። ሮስተሩ በኤክሴል ይሠራል፤ ከዚያ “ኦሪጅናሉ” በእጅ ይጻፋል። ዕቅዱ በኮምፒውተር ይተየባል፤ ለፊርማ ደግሞ በደብተር ይገለበጣል። እንዲህ ከሆነ ቴክኖሎጂው ያመጣው ሌላ አንድ ሥራ ብቻ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ሊቀድም የሚገባው ሰንጠረዥ ነው፤ ኤክሴልም ይሁን ጎግል ሺትስ። አዲስነትና ማራኪነት ስለሌለው በሥልጠናዎች ላይ ብዙም አይወራለትም፤ የመምህሩን ሌሊት የሚመልስለት ግን እርሱ ነው። የተማሪዎቹ ስም አንድ ጊዜ ይገባል። መደመሪያው፣ አማካይ ማውጫውና “ራንክ” የሚባለው የደረጃ ቀመር በመጀመሪያው ልጅ መስመር ላይ ይጻፉና እስከ መጨረሻው ልጅ ወደ ታች ይጎተታሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ውጤት ማስገባት ብቻ ነው። አንድ መምህር ዘግይቶ ውጤት ቢያርም ድምሩም፣ አማካዩም፣ የክፍሉ ደረጃ በሙሉም በራሱ ይስተካከላል። በእጅ ሲሠራ ግን የአንድ ልጅ ሁለት ማርክ መስተካከል የአሥር ልጆችን ደረጃ ሊያፋልስና ወረቀቱን እንደ አዲስ ሊያስጽፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰንጠረዥ ሲሳሳት ዝም ብሎ ነው የሚሳሳተው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ልጅ ነው። የደረጃው ቀመር የአንዱን ልጅ አማካይ ከመላው ክፍል አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት የሚነጻጸርበት ዓምድ በዶላር ምልክት ካልታሰረ አብሮ ይንሸራተታል። ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ልጅ ከመጀመሪያው ጋር አይነጻጸርም፤ አሥረኛው ከእርሱ በላይ ካሉት ዘጠኝ ልጆች ጋር አይነጻጸርም፤ በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ልጅ ደግሞ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን 1ኛ ይወጣል። ሁለት ሦስት አንደኛ የወጣበት ሮስተር ያየ ሰው ምክንያቱን እዚያ ይፈልግ።

ሁለተኛው አደጋ ባዶ ቦታ ነው። አማካይ የሚያወጣው ቀመር ባዶ ሳጥንን አይቆጥርም። ልጁ ታሞ ሒሳብ ሳይፈተን ቀርቶ ቦታው ክፍት ከተተወ፣ ቀመሩ ለ10 ማካፈሉን ትቶ ለ9 ያካፍላል፤ ያልተፈተነው ልጅ ከተፈተኑት በልጦ ሊወጣ ይችላል። ዜሮ ከተጻፈበት ደግሞ በሕመሙ ይቀጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጉዳይ ለቀመር የሚተው አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ በደንብ ሊወስንበት ይገባል። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ስሞችን በፊደል ተራ ለማስያዝ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጦ ማዘዝ። ስሞቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ውጤቶቹ ባሉበት ይቀራሉ። ሰንጠረዡ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ግን የሌላውን ልጅ ውጤት ይዟል። መድኃኒቱ ሥራው ሲያልቅ አምስት ስሞችን ከእጅ ማርክ ሊስቱ ጋር ማመሳከር ነው። ይህች ትንሽ ልማድ ከማንኛውም ሥልጠና ትበልጣለች።

የፊደላችን ጉዳይም አለ። ኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም፤ “ዓለሙ” እና “አለሙ” ለእርሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የሒሳቡ መምህር “ሠላማዊት”፣ የአማርኛው መምህርት “ሰላማዊት” ብለው ከጻፉ ሁለቱን ሰንጠረዥ የሚያገናኘው ቀመር ልጅቷን አያገኛትም። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ተማሪ ቋሚ ቁጥር መስጠትና መምህራኑ ሁሉ በዚያ ቁጥር መሥራት የሚሻለው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሆኖም በአሮጌዎቹ የግዕዝ መጻፊያዎች የተተየቡ ፈተናዎች ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ አሉ፤ በስልክ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይወጣሉ። አዲስ ነገር የሚጽፍ መምህር በዩኒኮድ ይጻፍ። ስልክ ላይ ያለው የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በዩኒኮድ ነው የሚጽፈው፤ ተጨማሪ ወጪም የለውም።

ወደ እርማት እንለፍ። ተማሪዎቻችን በብሔራዊ ፈተና ላይ መልስ መስጫ ወረቀት ማጥቆር ያውቃሉ። ያንኑ ዘዴ ለክፍል ፈተና የሚያመጣ ዚፕግሬድ የሚባል መተግበሪያ አለ። መምህሩ መልስ መስጫውን አሳትሞ ያባዛል፤ ልጆቹ ያጠቁራሉ፤ መምህሩ የስልኩን ካሜራ ከወረቀቱ በላይ ይይዛል። ስልኩ ወረቀቱን አንብቦ ያርማል፤ ውጤቱንም ይመዘግባል። ለማረም ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በነፃው አገልግሎት በወር 100 ወረቀት ማረም ይቻላል። አምስት ክፍል ለሚያስተምር መምህር መቶው አይበቃም፤ ቢሆንም በየወሩ ቢያንስ ለአንድ ክፍል ይሆናል።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። እርማቱ ሲያልቅ የትኛውን ጥያቄ ስንት ልጅ እንደሳተው ይታያል። ከ60 ልጆች 50ዎቹ 7ኛውን ጥያቄ ከሳቱ፣ ችግሩ የልጆቹ ስንፍና ሊሆን አይችልም፤ ወይ ጥያቄው ተበላሽቷል ወይም ትምህርቱ አልገባቸውም። መምህሩ በማግስቱ ያንን ርዕስ ደግሞ ሊያስተምረው ይችላል። ተከታታይ ምዘና ሲታሰብ የታሰበው ይህ ነበር። 60 ወረቀት በእጁ አርሞ የደከመ ሰው ግን እያንዳንዱን ጥያቄ እየለየ ለመቁጠር ከየት አቅም ያገኛል?

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ይህ መሣሪያ የሚያርመው ምርጫ ብቻ ነው። ድርሰት አያነብም፤ ልጁ በሒሳብ ጥያቄ ላይ የሄደበትን መንገድ አያይም፤ በቤተ ሙከራ ያደረገውን አያውቅም። ለማረም ስለሚቀል ብቻ ፈተናው ሁሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሆኖ ከቀረ፣ አንቀጽ መጻፍ የማይችል ትውልድ የማፍራቱን ነገር እናፋጥነዋለን። ምርጫውን ስልኩ ያርም፤ በዚያ የተረፈው ሰዓት ድርሰት ለማንበብና ደብተር ለማየት ይዋል።

ፕሊከርስ የሚባለውም ለኛ ክፍል የሚስማማ ነው። የተማሪዎችን ምላሽ በቅጽበት የሚሰበስቡ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ካሁትን የሰማ ሰው ይኖራል። ነገር ግን ካሁት ልጆቹ መሣሪያ እንዲኖራቸው ይፈልጋል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ አይታሰብም። ፕሊከርስ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ብቻ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ለየልጁ የተለየ ጥቁርና ነጭ ምልክት ታትሟል፤ አራቱ ጎኖቹ አራቱን ምርጫዎች ይወክላሉ። መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጁ መልሱን ወደ ላይ አዙሮ ካርዱን ያነሳል፤ መምህሩ ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞር የሁሉም መልስ ይገባለታል። በየጎኑ ያለው ፊደል ደቃቅ ስለሆነ ጎረቤት አይቶ መገልበጥ ያስቸግረዋል። እጁን አውጥቶ የማያውቀው፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅም መልስ ይሰጣል። ካርዱ እስከ 63 ልጅ ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ከዚያ ያለፈ ክፍል ላለው መምህር የሚሆን ምክር የለኝም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሌላ ክፍልና ሌላ መምህር ነው።

ቴሌግራም የሁሉም ሰው ስለሆነ ማስተዋወቅ አያሻውም። ትልልቅ ፋይል ይቀበላል፤ የተላከበት ነገር ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ስልክ ቢጠፋም በሌላ ስልክ ተመልሶ ይገኛል። ብዙ መምህራን ማስታወሻና የጥያቄ ባንክ የሚያኖሩት እዚያ ነው። ጥሩ ያደርጋሉ። ነገር ግን በግሩፕና በቻናል መካከል ያለው ልዩነት ለመምህሩ ዕረፍት ወሳኝ ነው። ግሩፕ ሲከፈት ሁሉም ይጽፋል፤ 60 ወላጅ ያለበት ግሩፕ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ “መምህር፣ የነገ የቤት ሥራ ምን ነበር?” የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይከተላል። ቻናል ላይ ግን የሚጽፈው መምህሩ ነው፤ ወላጅ ያነባል። መልእክቱን አስቀድሞ ጽፎ በተወሰነ ሰዓት እንዲላክ ማዘዝም ይቻላል። አርብ ከሰዓት የሳምንቱን ሁሉ ጽፎ የጨረሰ መምህር ቅዳሜና እሑድ የራሱ ነው።

ከወላጆች ይልቅ የከፋው ደግሞ አንዳንዴ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ የሚመጣው ነው። የመምህራን ግሩፕ ተከፍቶ ሌሊት ላይ “እስከ ነገ ጠዋት ሪፖርት ይላክ” ይባላል። የሥራ ሰዓት የሚባል ነገር በስልክ ምክንያት ድንበሩ ጠፍቷል። ወረቀት በነበረበት ዘመን ትዕዛዝ የሚደርሰው ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። አለቃ ሌሊት ስላሰበው ነገር መምህሩ ሌሊት መሥራት የለበትም።

መሣሪያ ሲመጣ ሥራ መብዛቱ በኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዝ የትምህርት መሥሪያ ቤት መምህራኑን አላስፈላጊ የሆነባችሁ ሥራ የቱ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ከ40 ሺህ በላይ መልስ መጣ። በምሬቱ ከፍተኛውን ቦታ ከያዙት መካከል መረጃ መመዝገብና ማስገባት እንዲሁም የተጋነነ እርማት ይገኙበታል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተርም፣ ኢንተርኔትም፣ ሶፍትዌርም የሞላላቸው ናቸው። መረጃ መሰብሰብ ሲቀል አለቆች የሚጠይቁት መረጃ በዛ፤ መሣሪያው የቆጠበው ሰዓት በአዲስ ቅጽ ተበላ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የመንግሥት አማካሪ ቡድን ዘገባ፣ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ውጤት በዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይሰበስቡ እስከመምከር ደረሰ። ሀብታሙ አገር ዞሮ ዞሮ የደረሰበት መፍትሔ ጥያቄውን መቀነስ ነው። እኛ ገና በመጀመራችን ከዚህ ልንማር ጊዜ አለን።

ከራሳችን ታሪክ የምንማረውም አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ ዓላማው ጥሩ መምህርን በሳተላይት ለሁሉም ልጅ ማድረስ ነበር። ለገጠሩና ለከተማው ልጅ እኩል ትምህርት መስጠት የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ሆኖም ስርጭቱ አይቆምም፤ ወደ ኋላ አይመለስም፤ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል። መምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት መሃሉን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያይ ተደረገ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ከዚያ ሁሉ ወጪ የቀረን ትምህርት፣ መሣሪያ የመምህሩን ቦታ ሲይዝ ልጁም መምህሩም እንደሚጎዱ ነው። መያዝ ያለበት የጸሐፊውን ቦታ ነው፤ መደመሩን፣ መገልበጡን፣ ማባዛቱን።

መብራትና ኔትወርክ ዛሬም የሚታመኑ አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ በርካታ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች ለወራት ተገድበው እንደነበር እናስታውሳለን፤ ሥራውን ሁሉ እዚያ ላይ ያስቀመጠ መምህር ተቸግሮ ነበር። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ኢንተርኔት ጨርሶ የሚቋረጥበት ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ጎግል ሺትስ አስቀድሞ ከተዘጋጀለት ከመስመር ውጭ ይሠራል፤ ግንኙነት ሲመለስ የተጻፈውን ያዋህዳል። ኤክሴል በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል። በተጨማሪ በወር አንድ ጊዜ ሰንጠረዡን አትሞ ፋይል ውስጥ ማኖር ብልህነት ነው። ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ ወረቀትን አልቃወምም፤ የምቃወመው ሁለት ጊዜ በእጅ መጻፍን ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቁ አይቀርም። ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን ተጠቅመው ዕቅድና የፈተና ጥያቄ የሚያዘጋጁ መምህራን አሉ። ለእንግሊዝኛ ንባብ ጥያቄ ወይም ለሒሳብ መልመጃ መነሻ ይሆናል። በአማርኛ ግን አሁንም ይንገዳገዳል፤ ያልተባለ ነገር በእርግጠኝነት ይጽፋል፤ መጽሐፋችን ውስጥ የሌለ ነገር ይጠይቃል። ያወጣውን እያንዳንዱን ጥያቄ ራሱ ሠርቶ ያላረጋገጠ መምህር ለልጆቹ ባያቀርበው ይመረጣል። ዕለታዊ ዕቅድን በእርሱ ማስጻፍም ከንቱ ድካም ነው፤ ማንም የማያነበው አራት ገጽ ዕቅድ ማሽን ጻፈውም ሰው ጻፈው ዋጋ የለውም። አጭር፣ መምህሩ ራሱ የሚጠቀምበት ዕቅድ ቢፈቀድ ማሽንም አያስፈልግም ነበር።

የልጆቹ መረጃ ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የክፍሉን ሮስተር ፎቶ አንስቶ ወላጆች ባሉበት ግሩፕ ላይ መለጠፍ እየተለመደ ነው። 60ኛ የወጣው ልጅ ስም ከነውጤቱ በ60 ቤት ይነበባል። በወረቀት ዘመን ካርዱ ከመምህሩ ለወላጁ በእጅ ነበር የሚሰጠው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ያለ አግባብ እንዳይሰራጭ ይከላከላል፤ አዋጁ ባይኖርም እንኳ ልጅን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው። ውጤት ለየወላጁ ለብቻ ይላክ። ከሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱን መስመር ወደየራሱ ካርድ የሚያወጣው “ሜይል መርጅ” የሚባለው የወርድ አሠራር ለዚህ የተሠራ ያህል ነው፤ 60 ካርድ በእጅ መገልበጥም አብሮ ይቀራል። መረጃው የሚቀመጥበት አካውንትም የትምህርት ቤቱ ይሁን። መምህሩ ተዛውሮ ሲሄድ የ300 ልጆች ውጤት በግል ስልኩ ይዞ መሄድ የለበትም፤ ስልኩ ሲሰረቅም ውጤቱ መጥፋት የለበትም።

ኢንተርኔቱን የሚከፍለው ማነው? ይህን ጥያቄ ማንሳት ያሳፍር ይመስል ይታለፋል። የዳታ ጥቅሉን መምህሩ ከደመወዙ ይገዛል፤ ስልኩም የራሱ ነው። ጠመኔ ከኪሱ እንዲገዛ የማይጠየቅ ሰው ለትምህርት ቤቱ ሪፖርት መላኪያ ዳታ እንዲገዛ መጠየቁ ፍትሐዊ አይደለም። አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና በቅጥር ግቢው ውስጥ መምህራን የሚጠቀሙበት ዋይፋይ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ከአቅም በላይ አይደለም፤ በየዓመቱ ለወረቀትና ለማባዣ ቀለም ከሚወጣው ላይ ሊታሰብ የሚችል ነው። ያ እንኳ ካልተቻለ ለመምህራኑ ወርሃዊ የዳታ ጥቅል መግዛት ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ለመምህራን የምለው አጭር ነው። ሁሉንም መሣሪያ አትሞክሩ። ከሰንጠረዡ ጀምሩ፤ በትምህርት ክፍላችሁ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ለሌላው ያሳይ፤ አንዱ በጥንቃቄ የሠራውን ሮስተር ሌሎቹ ስም ብቻ እየቀየሩ ይጠቀሙበት። ቀመሮቹ ላይ ማንም በስሕተት እንዳይጽፍባቸው ሳጥኖቹን መቆለፍ ይቻላል። አንድ መንፈቅ ያለ ችግር ከሠራ ቀጥሎ ወደ እርማቱ ትሄዳላችሁ።

ዋናው ነገር ግን በመምህሩ እጅ አይደለም። ከሰንጠረዥ ታትሞ የወጣ፣ ስም ጠሪውና ርዕሰ መምህሩ የፈረሙበት፣ ማኅተም ያረፈበት ሮስተር በእጅ ከተጻፈው እኩል ኦሪጅናል ሆኖ እንዲያዝ የሚፈቅደው የትምህርት ቤቱ አስተዳደርና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ይህን የፈቀዱ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሰነዳቸው ከሌሎቹ አላነሰም። ሱፐርቫይዘሮች ለጉብኝት ሲመጡ ፋይሉን በኮምፒውተር አይተው ይመኑ፤ “በደብተር የተጻፈውን አምጣ” ማለታቸው ይቅር።

ስለዚህ ለርዕሰ መምህራንና ለወረዳ ትምህርት ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በሚቀጥለው መስከረም መምህራንን ሰብስባችሁ አዲስ መተግበሪያ ከማስተዋወቃችሁ በፊት፣ በዚያው ስብሰባ ላይ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ የማይጻፈው ቅጽ የትኛው እንደሆነ በስሙ ጠርታችሁ ተናገሩ፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝበት።